በዝንጅብሉ ጉድጓድ የበራው መብራት

በዚያ መንደር የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ያሳለፍኳቸው ከባክቴሪያ ጋር እያወራሁ ነው። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ በቻይናዋ ሻንዶንግ ውስጥ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከደቡቡ ጫፍ፣ ከዩናን የመጣሁ የሩቅ አገር ልጅ ነኝ። አነጋገሬ ያስቃቸዋል። ቃሪያ የሌለበት ምግብ ምግብ አይመስለኝም፤ እነሱ ደግሞ ጥሬ የሽንኩርት ቅጠል በስስ ቂጣ ጠቅልለው እየገመጡ «ብይ እንጂ፣ ለዚህ እኮ ነው የከሳሽው» ይሉኛል። ቀን ቀን ሰላም እንባባላለን፤ ሲመሽ ሁሉም በሩን ይዘጋል። እኔም በቀድሞው የመንደሩ እህል መጋዘን ወደተሰጡኝ ሁለት ክፍሎች እገባና ባክቴሪያ የማሳድግባቸውን የመስታወት ሳህኖቼን «እንዴት ዋላችሁ?» እላቸዋለሁ። መልስ አይሰጡም፤ ግን አይስቁብኝም።

ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎቹን ገበሬ መንደር ውስጥ እያኖረ ነው የሚያስመርቀው። ሌሎቹ ጓደኞቼ ሁለት ሦስት እየሆኑ ተመደቡ። እኔ ብቻዬን ደረሰኝ፤ ምክንያቱም የዝንጅብል ወረርሽኝን ከእኔ ሌላ ማጥናት የፈለገ ሰው አልነበረም።

ወረርሽኝ የሚለውን ስም ያወጡለት ገበሬዎቹ ናቸው። ጠዋት ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ በሦስተኛው ቀን ግንዱ ይተኛል፤ ሥሩን ጫን ሲሉት የሚሸት ነጭ ውሃ ያወጣል። አንድ ጊዜ የገባበት ማሳ ለዓመታት ዝንጅብል አያሳድግም። ዝንጅብል የማያሳድግ ቤት ደግሞ በዚያ አገር ልጆቹን ወይ ወደ ከተማ ወይ ወደ ባሕር ይልካል።

ቾንግሻንን ያገኘሁት ማሳው ውስጥ ተንበርክኬ ስሰርቀው ነው። ሌላ ስም የለውም፣ ስርቆት ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። ማሳው በሙሉ ወድቋል፤ መሃሉ ላይ ግን አንዲት ተክል ለብቻዋ አረንጓዴ ሆና ቆማለች። ሥሯ አጠገብ የሚጠብቃት ነገር መኖር አለበት ብዬ ማንኪያዬን አወጣሁና መጫር ጀመርኩ።

«ሌባ ብትሆኚ የታመመ ማሳ አትመርጪም ነበር» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር አልኩ። ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ መቆፈሪያ በትከሻው ያደረገ ወጣት ነው። ከተቆጣ ሰው ይልቅ የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

«አፈር ብቻ ነው የምወስደው» አልኩት።

«ውሰጂው። ሁሉንም ብትወስጂልኝማ እናቴ ምሳ ትጋብዝሻለች።»

ሳቅኩ። ከመጣሁ ጀምሮ ከሰው ጋር ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እሱ ቁጢጥ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠና ማሳው የአባቱ እንደነበር፣ አባቱ ከሞቱ በኋላ በዓመቱ ወረርሽኙ እንደገባበት ነገረኝ። ሰዎቹ ሰነፍ ስለሆነ ነው እንደሚሉትም ጨመረልኝ። እንደዋዛ ነው የተናገረው፤ ዓይኑን ግን ከዚያች ተክል ላይ አላነሳም።

ከሥሯ በወሰድኩት አፈር ውስጥ በሽታውን የሚገታ ባክቴሪያ አገኘሁ። ደግ ነው፣ ግን ጉልበት የለውም። ማሰሮ ውስጥ ከተከልኳቸው አሥር የታመሙ ዝንጅብሎች የሚያድነው አራቱን ብቻ ነው። አራት ይድናል ብሎ ደፍሮ የሚተክል ገበሬ የለም፤ ስለዚህ ላሻሽለው ተነሳሁ።

መንገዱ ጨካኝ ነው። ባክቴሪያዎቹን አልትራቫዮሌት መብራት ሥር አድርጌ፣ ከሺው አንዱ ብቻ እስኪተርፍ እጎዳቸዋለሁ። የተረፉት ከወላጆቻቸው የወረሱት ነገር ተለውጦ ነው የሚወጡት። አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ ያደክማቸዋል። አልፎ አልፎ ግን ከወላጁ የበረታ አንድ ይገኛል። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። አንድ ግዴታ ደግሞ አለ፤ ከተጎዱ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ብርሃን ካገኙ ቁስላቸውን ራሳቸው ይጠግኑና እንደ ድሮው ይሆናሉ። ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል።

መጋዘኑ ደግሞ በሠላሳ ቀዳዳ ብርሃን የሚያስገባ ቤት ነው። ብርድ ልብሴን መስኮት ላይ ሰቅዬ በብርድ ስንዘፈዘፍ ቾንግሻን ደረሰ።

«የቸገረሽ ጨለማ ነው? እሱማ እኛ ዘንድ ሞልቷል» አለና ወደ ቤታቸው ወሰደኝ።

በዚያ አገር የዝንጅብል ጉድጓድ የሌለው ግቢ የለም። ስምንት ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወርድና ከታች ወደ ጎን ክፍሎች ይከፈታሉ። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ የአንዱ ዓመት ምርት እስከሚቀጥለው ሳይበላሽ ይቀመጥበታል። ዝም ተብሎ ግን አይገባም፤ ዝንጅብል አየሩን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ክዳኑን ከፍተው ሻማ በቅርጫት ያወርዳሉ። ሻማው ከጠፋ ሰው አይወርድም። የእነ ቾንግሻን ጉድጓድ ከወረርሽኙ ወዲህ ባዶውን ነበር ማለት ይቻላል፤ ሻማው አንድም ቀን አልጠፋም።

በዚያ ዓመት የብርድ ወራት በየሳምንቱ ወረድን። እሱ ግድግዳው ላይ የተቆፈሩትን የእግር መርገጫዎች እየረገጠ ይቀድማል፤ እኔ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለሉትን ሳጥኖች በገመድ አወርድለትና እከተላለሁ። ታች የምናበራው ትንሽ ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ ቀይ ብርሃን ባክቴሪያዎቹን አይነካም። በቀይ ብርሃን የሰው ፊት ይቅላ አይቅላ አይታወቅም። ይኼ ለእኔ እጅግ ተስማምቶኝ ነበር። ቶሎ መውጣት ስንችል ሳጥን እያስተካከልን እንቆያለን። ያስተካከልኩትን ሳጥን እሱ መልሶ ያስተካክላል፤ የእሱን ደግሞ እኔ። ጣቶቻችን ሲነካኩ ሁለታችንም ሌላ ሳጥን እንፈልጋለን።

ከዕለታት አንድ ቀን እዚያው ታች ሆነን፣ የአጎቱ ልጅ ስኩዊድ የሚባል የባሕር ፍጥረት የሚያጠምድ መርከብ ላይ ቦታ እንደያዘለት ነገረኝ። መርከቡ የሚወጣው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ ሲወጣ ደግሞ ለሁለት ዓመት፣ ወዲያ ማዶ የዓለም ጫፍ። እናቱም ማሳውን ፖፕላር የሚባለውን የጣውላ ዛፍ ለሚተክሉ ሰዎች ለሃያ ዓመት ለማከራየት ወረቀቱን ተቀብለዋል። ያልፈረሙት እሱ እስከ ሚያዝያ ተከላ ይጠብቁ ብሎ ስለለመናቸው ነው።

«ትሄዳለህ?» አልኩት።

«ማሳው ይድናል ካልሽኝ አልሄድም።»

«ካልዳነስ?»

«ሌላ የሚያስቀረኝ ነገር ካለ አልሄድም» አለና ጉልበቱ ላይ የሌለውን አቧራ አራገፈ።

ማለት ያለብኝን አውቄዋለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሳህን መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ስምንት ነበሩ፤ ሁለቴ ቆጠርኳቸው።

የቾንግሻን እናት በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ያቺ የባክቴሪያ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። ከእኔ በፊት ስንት ባለሙያ መድኃኒቱን ይዞ መጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄዷል፤ አልፈርድባቸውም። ግቢያቸውን ሳቋርጥ ከሥራቸው ቀና አይሉም። ልጃቸው ለምን መርከቡን እያመነታ እንደሆነ ሳይገባቸው የቀረ ግን አይመስለኝም።

አምስት ዙር ከሸፈብኝ። ስድስተኛውን ያዘጋጀሁት ከአምስተኛው ከተረፈው ከሁሉ ከሚሻለው ባክቴሪያ ነበር፤ ተስፋዬም በሙሉ እሱ ላይ ነበር። መርከቡ ከመውጣቱ በፊት ለሌላ ዙር የሚሆን ጊዜ የለም። ሥራው የዋለው በእኛ የጨረቃ አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር አሥራ አምስተኛ ቀን ላይ ነው፣ የመብራት በዓል ዕለት። በዚያው ቀን ደግሞ አስተማሪዬ ከከተማ ደውለው የምርምሩ ጊዜ ሊዘጋ ስለሆነ መጥተሽ ተከራከሪ አሉኝ። ጠዋት ባክቴሪያዎቹን ጎድቼ ጉድጓድ አስገባኋቸውና ቾንግሻንን ማንም እንዳይነካቸው አደራ አልኩት። ስለ ብርሃኑ እሱ ከመጸው ጀምሮ ያውቃል። ለእናቱ ግን ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። እኔ አላስረዳሁም፤ እሱም አላስረዳም።

አስተማሪዬ እስከ ጥቅምቱ አጨዳ ፈቀዱልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ሰዉ ሁሉ በስልክ ከቤተሰቡ ጋር እየተሳሳቀ የበዓሉን የሩዝ ድብልብል ሲበላ፣ እኔም አንድ ሳህን ገዝቼ ግድግዳ ፊት ለፊት በላሁ። ለቾንግሻን የምነግረውን እየተለማመድኩ ነበር። ስለ ባክቴሪያው አልነበረም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ተመለስኩ። የጉድጓዱን ክዳን ሳነሳ ከታች ነጭ ብርሃን ወጣ።

በዚያ አገር በአሥራ አምስተኛው ቀን ጨለማ ማዕዘን አይተውም። ከሊጥ ትንንሽ ኩራዝ ይሠሩና በራፉ ላይ፣ ዱቄቱ ዘንድ፣ ከብቶቹ ጋ፣ መቃብር ላይ ሳይቀር ያበራሉ። ብርሃን ያልደረሰው ቦታ ዓመቱን ሙሉ ዕድለ ቢስ ይሆናል ይላሉ። እኛ ደቡቦቹ ይህን አናደርግም። ሰምቼው ነበር፤ ከእኔ ጉድጓድ ጋር አላገናኘሁትም።

ወረድኩ። አንዲት ክሯ ነድዶ ያለቀ የሊጥ ኩራዝ አለች። ከጎኗ ዝንጅብል ሲወጣ የሚሠሩበት ትልቁ የኤሌክትሪክ መብራት ተንጠልጥሎ ቦግ ብሎ በርቷል። ሳጥኖቹ ተከፍተዋል። ጥቁሩ ጨርቅ ለአራት ታጥፎ በወግ ተቀምጧል። የመስታወት ሳህኖቼ በሙሉ ሲበራባቸው አድሯል።

ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ ምናልባት ብዬ። እያንዳንዱ ሳህን ላይ፣ ከተረፉት ባክቴሪያዎች የሚያድግ ሃያ ወይም ሠላሳ ነጠብጣብ ብቻ መታየት ነበረበት። የታየው ግን ወተት የተደፋበት የሚመስል ሙሉ ሳህን ነው። ሁሉም ድነዋል፤ ሁሉም የድሮዎቹን ሆነዋል። ሳህኖቹን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ።

«ማነው?» አልኩ።

ቾንግሻን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ቤቱ በር አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። 

«እኔ ነኝ» አለ።

«ብርሃን እንዳይነካቸው ነግሬህ አልነበረም?»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ?»

«በዓል ነበር።»

  አውቶቡስ ጣቢያ የተለማመድኩትን ሁሉ ተውኩት።

«ጨለማ እንኳን አደራ የማይሰጥህ ሰው ነህ» አልኩት። «ሂድና መርከብህ ላይ ውጣ።»

እሺ አለኝ። እሺ ብቻ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጋዘኑ በር ላይ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ አልኩት። የሄደ ዕለት ጠዋት ያሳፈረችው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። በሬ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ሞተሯ አልጠፋም። እኔ ከውስጥ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ትንሽ ቆየችና ሄደች። እጄን ከመቀርቀሪያው ያነሳሁት ድምፁ ከጠፋ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በሳምንቱ እናቱ በሬን አንኳኩ። ማንቱ የሚባለውን በእንፋሎት የበሰለ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። የኪራዩን ወረቀት እንዳልፈረሙ፣ ማሳውን ለአንድ ዓመት እኔ ብሞክርበት እንደሚፈልጉ መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። ነገሩ ግራ ገባኝ። ልጃቸውን ባሕር የሰደድኩ እኔ ነኝ፤ ማንቱ የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሻማውን በቅርጫት የሚያወርዱልኝ እሳቸው ሆኑ። ገመዱን ይይዙልኛል፤ እስክወጣም ከጉድጓዱ አፍ አይነቃነቁም። ታች ሳጥን የሚያስተካክልልኝ አልነበረም። ቀዩ መብራት ሥር ፊቴ ይቅላ አይቅላ የሚያስጨንቀኝም አልነበረም።

በዘጠነኛው ዙር አንዲት ነጠብጣብ አገኘሁ። ከእህቶቿ ታንሳለች፣ ቀስ ብላ ነው የምታድገው፤ የወረርሽኙ ባክቴሪያ ግን ዙሪያዋን ድርሽ አይልም። ማሰሮ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙን አዳነች። ለመንገር ወደ ደጅ ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ የምነግረው ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝና ቆምኩ።

በሚያዝያ ለዘር የተያዘውን ዝንጅብል እሷ በተራባችበት ውሃ ነክረን ከእናቱ ጋር ተከልን። በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ የጎረቤቶቹ ማሳ ተራ በተራ ተኛ፤ የእኛ ከአሥሩ ዘጠኙ ቆመ። ሰዎች ሥራቸውን ትተው ዳር ላይ ቆመው ያያሉ። ስሜን ጠየቁኝ። «ሱዪን» ስላቸው በየመንገዱ «ሱዪን፣ ግቢ» ይሉኝ ጀመር። ገባሁ፣ በላሁ፣ ሳቅሁ። ወደ መጋዘኑ ስመለስ ብቸኝነቴ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። የመንደር ሰው ሁሉ ቢወድሽ የአንድን ሰው ቦታ አይሞላም። ይህን የተማርኩት ያን ዓመት ነው።

ቾንግሻን በሦስት በአራት ሳምንት አንዴ ከመርከቡ ይደውላል፤ ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ። እናቱ ግቢው መሃል ቆመው ባሕሩን በጉሮሯቸው ለመሻገር የፈለጉ ያህል እየጮሁ ያወሩታል። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ይዘረጋሉ። «እጄ አፈር ነው» እላለሁ። አንድ ቀን ሰለቻቸውና «አፈሩ ጆሮሽ ውስጥም ገብቷል?» አሉኝ። ያኔም አልተቀበልኳቸውም። ይቅርታ ማለት ያለበት እሱ ነው ብዬ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ዝንጅብሉን አወጣን። ለዓመታት ባዶውን የከረመው ጉድጓድ እስከ ክፍሎቹ ደፍ ድረስ ሞላ፤ ይህን የሰሙት አስተማሪዬም ጊዜዬን አራዘሙልኝ። የመጨረሻውን ቅርጫት ከተቀበልኩ በኋላ እናቱ እያቃሰቱ ወረዱና እርጥብ አሸዋውን ዝንጅብሉ ላይ ያለብሱ ጀመር። ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ሱዪን፣ ያን መብራት ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

እጄ ቆመ።

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። የዚያን ዕለት በየማዕዘኑ ኩራዝ ሲያኖሩ እኔን አስበው ኖሯል። አገሯ ሩቅ ነው፣ በበዓል ብቻዋን ነች፣ የእሷም ጥግ አይጨልም ብለው ወረዱ። የሊጧ ኩራዝ ስታንስባቸው ትልቁን መብራት ጨመሩ። በበዓል ቀን ጥቁር ልብስ ደግ አልመስል ስላላቸው ጨርቁን ገፈው አጠፉት። ያን ያህል ወር ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግ ያደረጉልኝ ያን ቀን ነበር። ልጃቸው ነገሩን ያወቀው እኔ ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ ትንፍሽ እንዳይሉ አስማላቸው።

«በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹ነገርሻት እንዴ?› ብሎ ነው» አሉኝ። «አሁንስ አቃተኝ ልጄ።»

ቾንግሻን በሕይወቱ ጨርቅ አጥፎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የራሱን ሸሚዝ እንኳ ጠቅልሎ ነው የሚወረውረው። ያ ለአራት የታጠፈ ጨርቅ ዓይኔ ሥር ነበር። ከሺህ ነጠብጣብ አንዷን ለይቼ የማወጣው እኔ፣ እሱን ሳላየው ቀረሁ። እዚያው ዝንጅብሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቱም አሸዋ በነካው እጃቸው ጀርባዬን እየደባበሱ አብረውኝ አለቀሱ።

ስልኩ በዘጠነኛው ቀን ጮኸ። እናቱ ሳይደርሱ አነሳሁት።

«እማ?» አለ።

«ሱዪን ነኝ።»

ከጀርባው ነፋስና ሞተር ይሰማል። 

«ማሳው እንዴት ሆነ?» አለ።

«ድኗል። ጉድጓዱ ሞልቷል።»

«አንቺስ?»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉንም ትቼ እውነቱን ነገርኩት።

«እኔ ብቻዬን ነኝ» አልኩት። «ከሄድክ ጀምሮ በጣም ብቻዬን ነኝ። ነግረውኛል ቾንግሻን። ይቅር በለኝ። ግን ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

 ደቂቃው እየሄደ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«በእኔ ብትናደጂ አንድ ቀን ይበርድልሻል ብዬ ነው» አለ። «በአማትሽ ከተናደድሽ ግን ዕድሜ ልክሽን ነው።»

ለካ ያን ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ እኔ ስለ ሳህኖቼ ስጮህበት፣ እሱ የሚያስበው ስለ ትዳራችን ነበር። ልመልስለት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ሊመለስ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወር ይቀረዋል።

ሃያ ሁለት ቀን መልሴን ይዤ ከመጋዘኑ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ መጋዘኑ ስመላለስ ቆየሁ። በሃያ ሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ሲጮህ የቾንግሻን እናት አጠገቡ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። እጃቸውን አልዘረጉም።

«ላንቺ ነው» አሉኝ።